ዋስ ያጣችው ገጣሚ

ተረት ተረት ስላችሁ የበረቱን ደጅ ክፈቱልኝ።

አንዲት ገጣሚ እንቁራሪት ክረምቱን ሙሉ ከኩሬ ኩሬ እየዞረች ግጥም ስታሰማ ከረመች። ጭብጨባው እንደ ዝናቡ ነበር፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል። መስከረም ሲጠባ ኩሬዎቹ መድረቅ ጀመሩና ውሃ ያለበት ሥራ ፍለጋ ወጣች። ምንጭ ጠባቂዋ እትዬ ኤሊ ደግሞ ለመጠጣት የሚሰለፉትን አራዊት በየተራ የሚጠራ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር።

«ድምፅሽስ ደህና ነው» አሉ፣ ከደንብ ውልፍት የማይሉት ኤሊ። «ዋስሽ ማን ነው?»

«እኔን ማን ያውቀኛል ብለው ነው፣ እትዬ? የሚሰሙኝ አጨብጭበው ይሄዳሉ እንጂ ስማቸውን አይነግሩኝም።»

«እንግዲያው ያለ ዋስ አልቀጥርም።»

አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ ኩርፊያ የማይለየው ጃርት ከሰልፉ መሀል «እኔ ዋስ እሆናታለሁ» አለ። አንድም ቀን አጨብጭቦላት አያውቅም።

«ከየት ታውቃታለህ?» አሉት ኤሊ።

«አላውቃትም። ግን ግጥሟን ስሰማ ሦስት ጊዜ እራቴን ረስቻለሁ።»

ኤሊ ጥቂት አሰቡና «በል፣ ከእሾህህ አንዱን ንቀልና ፈርም» አሉት።

በማግስቱ እንቁራሪቷ የእያንዳንዱን ስም በግጥም እያዋዛች ተራ ጠራች። እስከ ቀትር ድረስ ሰልፉ አላጠረም። ጠጥተው የጨረሱት ሁሉ ዞረው እንደገና ከኋላ ይሰለፉ ነበር።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ዳቦዬን ለጃርት ስጡልኝ።