አውራ ዶሮ የጮኸውና ትንኝ ያንሾካሾከችው

ስልካችሁን አስቀምጡት፤ እሱም እናንተም ትንሽ እረፉ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ዝናብ በጠፋበት አንድ ዓመት፣ የምንጭ ባለቤት የሆነ ቀበሮ ነበር። አፈ ጮሌ ነው፤ ሐፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። እዚያው አገር አንዲት አህያ ነበረች። እሷ ደግሞ የነገሯትን የምታምን ታታሪ ናት። ያላት አንድ ውርንጭላ ብቻ ነው።

ቀበሮ ከምንጩ እስከየቤቱ ቦይ ቀደደ፤ መዝጊያውን ግን በእጁ አደረገ። ከዚያ አውራ ዶሮን ጉብታ ላይ አቁሞ አስጮኸው።

«ስሙ! የአያ ቀበሮ ውሃ ገደብ የለውም! ቀን ይፈሳል፣ ሌት ይፈሳል፣ እስክትረኩ ይፈሳል!»

አውራ ዶሮው ሲጨርስ ትንኝ ከሥሩ ብቅ ትልና፣ እኔም ድምፄን ዝቅ ላድርገው፣ «ብዙ የቀዳ ግን ይቀጥንበታል» ትላለች። ማን ይሰማታል?

አህያዋ አመነች። ለውሃው ብላ የቀበሮን ድንጋይ፣ የቀበሮን እንጨት፣ የቀበሮን እህል ጀርባዋ እስኪገጠብ ተሸከመች።

አንድ ቀን ውርንጭላው ታመመ። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ምላሱ ደረቀ። እናቲቱ ቀዳችና አጠጣችው፤ ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ደግማ ቀዳችና ራሱ ላይ አፈሰሰችለት፤ ውሃው ቀጠነ። ሦስተኛ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እንስራዋን ደቅና ጠበቀች። ከኋላዋ ልጇ ያቃስታል፤ የእንስራው ሥር እንኳ አልተሸፈነም።

እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ውሃውን ልቀቅልኝ።»

«እመት አህያ፣ ማን ዘጋብሽ?» አለ ቀበሮ ጅራቱን እያበጠረ። «ይኸው ይንጠባጠባል አይደል? ገደብ የለውም አልኩ እንጂ ይፈጥናል አልኩ? ደግሞ ዛሬ አበዛሽው፤ ለጎረቤት አታስቢም?»

ለመሳደብ እንኳ ጊዜ አልነበራትም። ልጇን በገጣባ ጀርባዋ አዝላ ከቦዩ ዳር ችሎት ወደሚያስችለው ወደ አንበሳ ገሰገሰች። ቀበሮም ተጠርቶ ትንኝን አስከትሎ መጣ።

«ጌታዬ፣ እኔ ሁሉንም አስነግሬያለሁ፤ ትንኝ ምስክሬ ናት» አለ።

«ምን ብለሽ ነበር?» አላት አንበሳ።

ትንኝ ተናገረች። አንበሳ አልሰማም። «ቀረብ በይ» አላት። ቀርባ ተናገረች፤ አሁንም አልሰማም። ይሄኔ ውርንጭላው ማቃሰቱን አቆመ። ትንኝ አንበሳው ጆሮ ውስጥ ገብታ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች።

«አሃ፣ አሁን ሰማሁ» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ» አለች አህያ፣ «እርስዎ እንኳ ጆሮዎ ውስጥ ገብታ ነው የሰሟት። እኔ ጭነት ተሸክሜ ሳልፍ በምን ልስማት?»

አንበሳ ቀበሮን ትክ ብሎ አየው።

«መጀመሪያ ውሃው ይለቀቅ፤ ፍርዱ ይደርሳል» አለ።

ውሃው በቦዩ እየተንዶለዶለ መጣ። አህያዋ ልጇን ነከረችው። ምንም የለም። አፉን ከፍታ አጠጣችው። ምንም የለም። ደግማ ነከረችው፤ አንዱ ጆሮው ንቅንቅ አለ። ያን ጊዜ አለቀሰች።

አንበሳም ፈረደ።

«ከዛሬ ጀምሮ ገደቡን አውራ ዶሮ ይጩኸው፤ ሙገሳውን ትንኝ ታንሾካሹከው። አንተ ቀበሮ ደግሞ ዝናብ እስኪመጣ ከዚያች ከምትንጠባጠበዋ ትጠጣለህ።»

«ጌታዬ፣ በውሃ ጥም ልሞት ነው እኮ» አለ ቀበሮ።

«ማን ዘጋብህ?» አለው አንበሳ። «ይኸው ይንጠባጠባል አይደል?»

አያችሁ ልጆቼ፣ የሚያማልላችሁን ጮሆ የሚጎዳችሁን የሚያንሾካሹክ፣ ተናግሬ ነበር ቢልም ዋሽቷል። ነገ ስልካችሁ ላይ «ያልተገደበ ኢንተርኔት» የሚል ሲመጣላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ትንኟስ ምን አለች ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ተረቴን ጮክ ብዬ ጨርሻለሁ፤ ያንሾካሾክሁት የለም።