ማስረጃ አምጪ የተባለችው ሸክላ ሠሪ

አንዲት የሻረግ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏን በወባ ካጣች ወዲህ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ልጅቷን የሚጥል በሽታ ይዟት በቀን ሦስቴ አራቴ ትወድቃለች። ድስት የሚተኮስበት እሳት ደግሞ ከደጃፋቸው አይጠፋም። ስለዚህ የሻረግ በአንድ ዓይኗ ሥራዋን፣ በሌላው ልጇን ስትጠብቅ ትውላለች። ጠበሉም ክኒኑም ተሞክሮ አልሆነም።

አንድ መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ግን ካናቢስ የሚባለውን ቅጠል በዘይት አብስሎ በጠብታ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በወር አንዴ ብትወድቅ ነው፤ ከእናቷ ጋር ጭቃ ማቡካት ሁሉ ጀመረች።

ምን ያደርጋል፣ ቅጠሉ በአገሩ ክልክል ነው። ጎረምሳ እያጨሰው ይደነዝዛል ተብሎ ታውጇል፤ ይህም ውሸት አይደለም። ሽማግሌው ታሰረ፣ ዘይቱ ተደፋ፣ ማንጠግቦሽም እንደ ድሮዋ መውደቅ ጀመረች። የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ ልጇን ይዛ ሸንጎ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ይጨስ አላልኩም። ለልጄ መድኃኒት ስለሆናት በሐኪም እጅ ይፈቀድልኝ» አለች።

«መድኃኒት ለመሆኑ ማስረጃ አለሽ?» አላት ዳኛው።

«ይቺው ልጄ ናታ።»

«ሰጥተሻታል ማለት ነው? እንግዲያው ጥፋተኛ ነሽ። አልሰጠኋትም ካልሽ ደግሞ ማስረጃ የለሽም።»

«እሺ፣ የእናንተ ሊቃውንት ይመርምሩት።»

«ክልክል ነገር እንዴት ተነክቶ ይመረመራል?»

ይህን ሲል እንኳ አላፈረም። የሻረግ ልትመልስ አፏን ሳትከፍት ማንጠግቦሽ እዚያው ወደቀች፤ አረፋ ደፈቀች። እነዚያ ማስረጃ ማስረጃ ሲሉ የነበሩ የሸንጎው ትልልቅ ሰዎች ይጋባብናል ብለው ወንበራቸውን ጥለው ሸሹ። ዳኛው ከሩቅ ሆኖ «ክብሪት ጫሩና አስሸትቷት» አለ። ዘበኛው ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ደቀነ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሲያድን ያየ ግን የለም።

የሻረግ የልጇን ራስ እንደደገፈች ቀና አለች።

«ክብሪቱን ማን መረመረው፣ ጌታዬ?» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ጭስ አፍንጫዋን ስታቃጥሏት ማስረጃ አምጡ ያለ አንድ ዳኛ አላየሁም። የሚያሽላት ነገር ሲገኝ ነው ሊቅ የሆናችሁብኝ?»

ዳኛው ወደ ወንበሩ ተመልሶ መዝገቡን ዘጋ። አፍሮ ይሁን ተቆጥቶ እንጃ። ጊዜው ሰኔ ነበር፤ ሸንጎው ለክረምት ሊዘጋ ነው። «ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ይጠናና በመስከረም ይታያል» ብሎ ተነሣ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ የሻረግ ድስቶቿን እሳት ውስጥ ደርድራ ውሃ ልትቀዳ ምንጭ ወረደች። ዘወር ያለችው ለአፍታ ነው። ስትመለስ ልጇ እሳቱ ላይ ወድቃለች። ጎረቤት ዙሪያውን ቆሟል፤ ይጋባብናል ብሎ አንድም የነካት ሰው የለም።

በመስከረም የሻረግ ብቻዋን ሸንጎ ቀረበች።

«ልጅሽስ?» አላት ዳኛው መዝገቡን እየገለጠ።

«በሽታዋ እንደ እናንተ ክረምቱን አልተዘጋም፣ ጌታዬ። ቀብሬያት መጣሁ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ቅጠሉ ለሁሉ ፈውስ ነው፣ እንደ ልባችሁ አጭሱት ያለ የለም። መጠንቀቅና መመርመር የአዋቂ ሥራ ነው። መመርመሩን ከልክሎ የምርመራ ውጤት አምጪ ማለት ግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ጭካኔ ነው። የለመድነውን የማይረባ ነገር ማንም ሳይጠይቀን እናደርጋለን፤ ያልለመድነው ሲመጣ ሁላችንም ዳኛ እንሆናለን። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እናንተስ «ይጠና» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የማንን ስቃይ ነው?