እንደ እንስራ የተንኳኳ ጎማ

አንድ ቀን፣ ሐምሌ ዝናቡን ሲያወርደው ሰንብቶ ትንሽ ፋታ በሰጠበት ማክሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ላቀው የሚባል ጎሚስታ ደጃፍ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና መጥታ ቆመች። ከመሬት የተጣበቀች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ስትነሳ ሰፈሩን የምታስደነግጥ መኪና ናት። ነጂዋ ግን እንደሷ አልነበሩም። አቶ ምንውየለት ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። መኪናዋን ልጃቸው ውጭ አገር ለትምህርት ሲሄድ «እስክመለስ ይንዷት» ብሎ ትቶላቸው ነው። ከውስጧ ሲወጡ መጀመሪያ ከዘራቸው ይወጣል፣ ቀጥሎ ባርኔጣቸው፣ ከዚያ አንድ እግራቸው፤ ከዚያ ትንሽ ያርፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዓለም ከጎናቸው ተቀምጠው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

ላቀው ሰውየውን የሚያውቃቸው በመኪናዋ አይደለም። እሳቸው የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የዕድሩ ድንኳን ኃላፊ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሐዘኑ ሲያበቃ የሚነቅለው ላቀው ነው። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ያለን ድንኳን አንድ ነው። ሐዘን ሲደራረብ በሁለተኛው ቀን አንስተን ለሌላው ብንሰጥስ?» ብሎ ነበር። ጋሽ ምንውየለት ወለሉን በከዘራቸው መቱት።

«ሦስት ቀን ሳይሞላ ድንኳን አይነሳም! ለእኔም ቢሆን አይነሳም! ተፈረደ፣ ተቀመጥ!»

ላቀው ተቀመጠ። እሳቸው ከፈረዱ ይግባኝ የለም።

«አንተ ላቀው!» አሉ አሁን፣ ወገባቸውን እያቃኑ። «ነገ ጠዋት አዲስ አበባ እንወርዳለን። የእህቴ ልጅ ሐሙስ ትመረቃለች። እስቲ ደህና ጎማ አውጣልኝ።»

ላቀው ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ጎማዎች በመዳፉ ዳሰሰ። ጥርስ የሚባል አልቀረላቸውም፤ የሕፃን ድድ መስለዋል።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ነው ሲነዱ የነበሩት?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። እግዜር ይወድዎታል።»

አፉ ይቀልድ እንጂ ሆዱ ፈርቷል። ነገ በዚህ ዝናብ አባይ በረሃን ሊወርዱ ነው፤ ጠመዝማዛውን፣ ገደሉን። ጎናቸው የሚቀመጡት ደግሞ እትዬ ጥሩዓለም ናቸው። የላቀው ሚስት አምና ስትወልድ፣ እናት የሌላት ናትና፣ አራስ ቤት ድረስ በየቀኑ አጥሚት ያመላለሱላት እሳቸው ናቸው።

ለመኪናዋ ልክ የሚሆን ሁለት ዓይነት ጎማ ነበረው። ሁለቱንም እያንከባለለ አወጣ። አንዱ እንዲህ ላለች ፈጣን መኪና የተሠራ፣ ለስለስ ያለ፣ ውሃ የሚያስወጣ ቦይ የተቆረጠለት ነው። ሌላው ወርዱ ያው ሆኖ ድርቅ ያለ ነው።

ጋሽ ምንውየለት ገበያ ወጥተው እንስራ እንደሚመርጡ ሁሉ፣ ጎማዎቹን በከዘራቸው ተራ በተራ አንኳኩ፤ ጆሯቸውንም ጣል አደረጉ። ለስላሳው ድምፁን ዋጠ። ደረቁ «ቋ!» አለ።

«ይሄ ነው ጎማ! ያኛውማ ጥፍር ይገባበታል።»

«ጋሼ፣ ለዚያ መንገድ የሚሻለው ጥፍር የሚገባበት ነው። ደረቁ ዝናብ ሲያገኝ እንደ ሳሙና ያድጣል።»

«ሠላሳ ዓመት መንገድ ሥራ ላይ የኖርኩትን ሰው መንገድ ልታስተምረኝ ነው?»

«እርስዎ መንገዱን ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ከመንገዱ የወጣውን ነው፤ እየተጎተተ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።»

እትዬ ጥሩዓለም ከመኪናው ውስጥ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ምንውየለት ዘወር ብለው ገላመጧቸው። ላቀው ሳቁ አደፋፈረውና ቀጠለ።

«ገበሬ ጭቃ ሲያጋጥመው ጫማውን አውልቆ በእጁ የሚይዘው ለምን ይመስልዎታል? የእግሩ ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ መሬቱን ይዞ ያወጣዋል። ጎማም እንደዚያው ነው። መሬት የሚይዝ ነገር ቶሎ ያልቃል እንጂ አይጥልም።»

«የገበሬው እግር አልቆ አይተህ ታውቃለህ?»

ላቀው ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር አየ።

«እ? መልስ እንጂ!» አሉ ዳኛው፣ ደስ ብሏቸው። «ደረቁ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«አምስት ዓመት ንቅንቅ አይልም።»

«ለስላሳውስ?»

«ሁለት ክረምት ቢያልፍ ነው።»

«ታዲያ ሁለትና አምስት የማይለይ ሰው ነው ዳኛ ያደረጋችሁት? ደረቁን ግጠም። ተፈረደ!»

ላቀው ክሪኩን አንስቶ ከመኪናዋ ጎን ተንበረከከ። ቀና ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ የዕድሩ ድንኳን ታየው። ትናንት በእጁ የተከለው ነው፤ አንድ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አርፈው። ዝናቡ አናቱ ላይ ተጠራቅሞ አጎብጦታል። ላቀው ድንኳኑን አየ፤ ክሪኩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ።

«እሺ ጋሼ፣ ደረቁን እገጥማለሁ። ጉዞውን ግን ለዓርብ ያድርጉት።»

«ምረቃው ሐሙስ ነው እያልኩህ! ለምንድነው ዓርብ የምሄደው?»

«ድንኳኑ እስከ ሐሙስ ጠዋት ተይዟላ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ደግሞ ለእርስዎም ቢሆን አይነሳም ብለው ፈርደዋል። እኔ የዳኛ ፍርድ አልሽርም።»

ጋሽ ምንውየለት ከዘራቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ ቀሩ። በዚህ መሀል የመኪናዋ በር ተከፈተ። እትዬ ጥሩዓለም ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱና፣ ደጃፉ ላይ ባለችው የላቀው ዱካ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ዳኛው ሚስታቸውን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ለስላሳውን ጎማ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ አሁንም ድምፅ አልሰጠም።

«ግጠም በቃ።»

«የትኛውን፣ ጋሼ?»

«የገበሬውን እግር!» አሉ፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ እየደፉ።