የቅበላው እሑድና ሦስቱ ደጋሾች

አንድ ጊዜ፣ አህያ ልጇን በምትድርበት፣ ጅብም ቤተ ክርስቲያን በሚሳለምበት ዘመን፣ የዱር አራዊት ሁሉ የሚሰበሰቡበት አንድ ደብር ነበር። በደብሩ ቅጥር ውስጥ ሰፊ የሰንበቴ ቤት አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው እዚያ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ያለበትም ቤቱን ለምኖ እዚያው ይደግሳል፤ ያን ሁሉ እንግዳ የሚችል ሌላ ቤት በአገሩ የለም። አንበሳ ያወጀው ሕግም ነበር፤ በቅጥሩ ውስጥ ማንም በማንም ላይ ጥፍር አያወጣም፣ ጥርስ አያሳይም። እንዲያ ባይሆንማ አህያና ጅብ በአንድ ደጅ ይገቡ ነበር?

የቤቱን ቁልፍ የያዘው ቀበሮ ነው። ለምን ቀበሮ ተመረጠ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የመረጡትም አያውቁትም። በደብሩ ልማድ፣ ከየድግሱ የመጀመሪያው ሳህን ለቁልፍ ያዥ ይቀርባል። እሱም ሆዬ ድግስ ሲሰማ ጅራቱ ቀድሞት ይቆማል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እትዬ አህዪት ጆሮዋን ቀስራ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ቀበሮ፣ እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ። ልጄ ቡሊት ልታገባ ነው። ለቅበላው እሑድ ቤቱን ስጠኝ። ሰኞ ጾም ይገባል፤ ሙሽራውም ጨው ሊጭን ወደ በረሃ ይወርዳል። እሑድ ካመለጠኝ ልጄ ሳትዳር መቅረቷ ነው።»

ቡሊት አንድ ልጇ ናት። ያለ አባት ነው ያሳደገቻት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያ ምስኪን ደግሞ ራሱንም አላስጣለም። ስለዚህ የቡሊት ሠርግ ለእናቲቱ የዕድሜዋ ሁሉ ደስታ ነበር።

«ቤቱ ያንቺ ነው እትዬ» አላት ቀበሮ። «የመጀመሪያዋን ሳህን ብቻ እንዳትረሺ።»

እሷ ከመውጣቷ እመት ጃርት ዱብ ዱብ እያለች ገባች።

«ልጄ በቅበላው እሑድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እሱን ቀን ማሳለፍ የለም። ቤቱን ስጠኝ።»

«ክርስትና እናቷ ማን ናት?»

«እሱን አታንሣብኝ። እሾህ ያላትን ልጅ ማን ያቅፍልኛል? ድኩላን ለመንኩ፣ እምቢ አለች። ጉሬዛን ለመንኩ፣ ልብሴን ትቀድድብኛለች አለች። ብቻ አንተ ቤቱን ስጠኝ፣ እሷን እግዜር ያመጣታል።»

«ቤቱ ያንቺ ነው እመት» አላት ቀበሮ፣ ምራቁን እየዋጠ።

በመጨረሻ አያ ጅቦ መጣ።

«የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው» አለ በጎርናና ድምፁ። ልጅ የሌለው ሰው፣ ስሞት ማን ያስታውሰኛል ብሎ፣ በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ደግሶ ያበላል። የበላው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይለዋል። ጅቡም ልጅ የለውም፤ ለነፍሱ መስጋቱ ደግ ነበር። «የቅበላውን እሑድ እፈልጋለሁ።»

«የቁም ተዝካር እኮ ቀን አይቆረጥለትም። ከፋሲካ በኋላ ብታወጣውስ?»

«እስከ ፋሲካ የድግሱን ሥጋ እያየሁ ልቀመጥ?»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ በልቡ ሳቀ። ጠዋት ከጃርት፣ ቀትር ከአህያ፣ ማታ ከጅብ ብሎ ሦስት ሳህን ቆጠረ። «ቤቱ ያንተ ነው አያ ጅቦ» አለ።

ቅዳሜ ሲደርስ ጉድ ፈላ። እትዬ አህዪት ገብሷንና ጠላዋን ጭና ከነሙሽራዋ ደረሰች። እመት ጃርት ሥራ ሥሯንና ማሯን ይዛ፣ ልጇን አዝላ ደረሰች። አያ ጅቦ አንድ የሞተ በሬ እየጎተተ ደረሰ። ሦስቱም በሰንበቴው ቤት ደጃፍ ተፋጠጡ።

«ደግሞ እናንተ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አሉ ሦስቱም።

ቀበሮ በጓሮ በኩል ሹልክ ሊል ሲል የደብሩ ቄስ አባ ኤሊ ፊት ለፊት ገጠሙት። አባ ኤሊ ለእሑዱ ቅዳሴ ከቤታቸው የወጡት ሐሙስ ነው፤ እንደ አካሄዳቸው በጊዜ መድረሳቸው ነበር። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ቀበሮ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንተ ሦስት ዛፍ ላይ ወጥተህ ቁልፍ ታንቃጭላለህ? በል ወዲህ በለው።»

ቁልፉን ተቀብለው ወደ ደጋሾቹ ዞሩ።

«ማን ቀድሞ ለመነ ብዬ አልጠይቅም፤ የማን ቀን መቆየት ይችላል ነው ጥያቄዬ። አህዪት፣ ያንቺ ይቆያል?»

«አይቆይም አባቴ።»

«ጃርት፣ ያንቺስ?»

«ሰማንያ ቀን ነዋ፣ እንዴት ይቆያል?»

«አያ ጅቦ፣ ያንተስ?»

አያ ጅቦ ቁልፉን ከእጃቸው መንጭቆ፣ በሬውን ጎትቶ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

«የገባ ነው የቀደመ» አለ በበሩ ስንጥቅ።

ምን ይደረጋል? በቅጥሩ ውስጥ ጥፍር አይወጣም፤ በግድ የሚያስወጣው የለም። እትዬ አህዪት ከገብሱ ከረጢት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

«ልጄ ሳትዳር ቀረች። ያቺን ቀን ብዬ ስንቱን ሸክም ተሸከምኩ።»

እመት ጃርት ደግሞ እሾኋን አቆመች። «እኔስ? አንቺ እዚህ ባትጋፊኝ ኖሮ ጅቡ መቼ ገብቶ ይቀድመኝ ነበር?»

«እኔ ተጋፋሁሽ? አንቺ ነሽ እንጂ በሰው ቀን የመጣሽው።»

ሁለቱ ሊናጩ ሲሉ ሙሽራይቱ ቡሊት መሐላቸው ገባች። ጋማዋን ተሠርታ አምሮባታል።

«እመት ጃርት፣ እስቲ ልጅቱን ያሳዩኝ።»

«ትወጋሻለች።»

«ግድ የለም።»

ቡሊት ጎንበስ ብላ ልጅቱን አቀፈቻት። ልጅቱም አፍንጫዋን ጠቅ አደረገቻት።

«አላልኩሽም?» አለች ጃርት ደንግጣ።

«ትንሽ ነው» አለች ቡሊት እየሳቀች። «ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እሷን አነሣለሁ፤ ከዚያ እኔ እዳራለሁ። የክርስትና ልጄ ድግስና የእኔ ሠርግ ለምን ሁለት ይሆናል?»

እመት ጃርት እሾኋ ወዲያው ተኛ። ሰው ሁሉ የሸሻትን ልጅ ሙሽራ አቅፋላታለች። እትዬ አህዪት እንባዋን ጠረገችና «እንግዲያማ ዘመድ ሆነናል፣ ምን እንቆማለን፣ ዳስ እንጣል እንጂ» አለች።

ኧረ ያን ዕለት የነበረውን ግርግር ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዝሆን ግንዱን ያመጣል፣ ዝንጀሮ ቅጠሉን ያለብሳል፣ ጉሬዛ ከላይ ሆና በሐረግ ትማግራለች። ጀምበር ሳትጠልቅ በቅጥሩ ውስጥ ባለው ዋርካ ሥር ከሰንበቴው ቤት የሚሰፋ ዳስ ቆመ። ቀበሮ ውኃ ቅዳ ተብሎ ወንዝና ዳስ ሲመላለስ ዋለ፤ ልምዱ ስላልነበረው ወገቡን ይዞ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቡሊት ልጅቱን አቅፋ ክርስትና አስነሣች። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሙሽራው ከወንዝ ማዶ ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ እስክስታው ዳሱን አናጋው። አንዱ «ለሙሽሮች» ሲል ሌላው «ለክርስትናዋ ልጅ» እያለ ጠላው ተንቆረቆረ። እትዬ አህዪት ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ በዕድሜዋ አልሳቀችም።

አያ ጅቦም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እንግዶቹን ይጠብቃል። ለተዝካሩ የጠራቸው ሁሉ ወደ ቅጥሩ ይገቡና ዘፈኑን ሲሰሙ ወደ ዳሱ ይታጠፋሉ።

«ተዝካሩ ወዲህ ነው» ይላል ጅቡ።

«መጣን፣ መጣን» ይሉታል እንግዶቹ፣ እስክስታ እየመቱ።

ጠበቀ፣ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በሬው ግን አጠገቡ ነው። አንድ ቁራጭ ቢቀምስ ማን ያየዋል? ቀመሰ። ሌላም ደገመ። አመሻሹ ላይ በሬው ከነቆዳው አልቆ፣ ጅቡ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር።

ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ እያቃሰተ ወደ ዳሱ መጣ። ሙሽራው ከሙሽራይቱ ጀርባ ሸሸት አለ። አልፈርድበትም።

«አባ ኤሊ» አለ አያ ጅቦ፣ «ተዝካሬ ተበልቶ አለቀ። ነፍስ ይማር የሚለኝ ግን አጣሁ።»

«ማን በላው?»

«እኔ።»

«ታዲያ አንተው በለዋ።»

«ለራስ ይባላል እንዴ?»

«አይባልም ልጄ።»

ጅቡ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ቤቱም የኔ ነበር፣ ሥጋውም የኔ ነበር። አሁን ብሞት ስሜን የሚጠራ የለኝም» አለ። በዳሱ ውስጥ ጅብ ሲያለቅስ አይተው የሚያውቁ አልነበሩም።

ቡሊት የክርስትና ልጇን እንዳቀፈች ተነሣች። እናቷ ልትይዛት ሞከረች፤ እሷ ግን ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ድግስህን አልቀመስኩም፤ ቢሆንም ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለ ዳሱ ሁሉ ተቀብሎ።

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ በቡሊት እግር ሥር አስቀመጠ። «ቤቱ ለናንተ ነበር የሚገባው» አለ። ጅብ ነውና ቀና ብሎ አየር አሸተተና ደግሞ «ከማሩ የተረፈ የለም?» ብሎ ጠየቀ። እመት ጃርት እየሳቀች አንድ ቅል ሰጠችው።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ቤት መቆየት ለማይችለው ቀን እንደሚለቀቅና፣ ተጠጋግቶ የደገሰ ሰው ዘመድ ሲያተርፍ፣ ለብቻዬ ይሁን ያለ ግን ቤቱን አግኝቶ እድምተኛ እንደሚያጣ ነው።