ውሃ አልጠጣም ያለው ሰንጋ

«ልንገራችሁ?»
«ንገሪን!»
«ሳታቋርጡኝ?»
«ሳናቋርጥሽ!»
እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

ወሎ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ረውዳ የምትባል ልጅ ነበረች። ታይፎይድ ይዟት ሰነበተና ለቀቃት። ትኩሳቱ ሲሄድ ግን የምግብ ፍላጎቷን ይዞት ሄደ። ገንፎ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች፤ ወተት ሲሰጧት አፏን ግጥም ታደርጋለች። እናቷ ከድጃ ማንኪያ ይዛ ስትለምናት ትውላለች። ታዲያ አንድ ጠዋት ረውዳ በራሷ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«እማ፣ የበሬ መረቅ አምሮኛል።»

ከድጃ ከደስታዋ ብዛት የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ አጥልቃ ወደ ሥጋ ቤት ሮጠች። ሥጋ ቤቱ ባዶ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ይማም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ይማም፣ ለረውዳ መረቅ የሚሆን ሥጋ ይስጡኝ።»

«ከየት አምጥቼ ልጄ? የገዛሁት በሬ ቄራ ቆሟል። ያለ ፈቃድ አላርድም። ሂጂና የቄራዋን ዶክተር ጠይቂ።»

ረውዳ ያለ መረቅ አልበላም አለች። ጋሽ ይማም ያለ ፈቃድ አላርድም አሉ። ከድጃ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ቄራ ሄደች።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰዓዳ ከአንድ ትልቅ ሰንጋ አጠገብ ቆማ ነበር። ጸጉሩ ያብረቀርቃል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ስሙም ቦራ ነው።

«ዶክተር፣ ለልጄ መረቅ ፈልጌ ነበር፤ ምነው ይኼ በሬ አይታረድም? ታሟል እንዴ?»

«ጤነኛ ይመስላል። ግን ሰሞኑን ቶሎ እንዲደልቡ መድኃኒት የተወጉ በሬዎች መጥተውብናል። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይለይ። እንደ ልጅሽ ያሉ ሕፃናት ናቸው የሚጎዱት። ስለዚህ ያለ ምርመራ አልፈቅድም። ጀማልን አነጋግሪው።»

ረውዳ ያለ መረቅ አልበላም አለች። ጋሽ ይማም ያለ ፈቃድ አላርድም አሉ። ዶክተሯ ያለ ምርመራ አልፈቅድም አለች። ከድጃ ወደ መርማሪው ወደ ጀማል ክፍል ገባች።

«ወንድሜ፣ ምናለ ቶሎ ብትመረምርልኝ?»

«እህቴ፣ ምኑን ልመርምር? መድኃኒት ካለበት ሽንቱ ላይ ይታያል። እኔ ደግሞ ዕቃ ይዤ ከኋላው እንደ ዘበኛ ቆሜ ዋልኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም! ያለ ሽንት አልመረምርም። ከቻልሽ በሬውን ለምኚው።»

ረውዳ ያለ መረቅ አልበላም አለች። ጋሽ ይማም ያለ ፈቃድ አላርድም አሉ። ዶክተሯ ያለ ምርመራ አልፈቅድም አለች። ጀማል ያለ ሽንት አልመረምርም አለ። ከድጃ ምን ታድርግ? ቦራ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ቦራዬ፣ እባክህ ሽና።»

ባልዲ ሙሉ ውሃ ፊቱ ተቀምጧል፤ እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ ላይ አላነሣም።

«ከመጣ ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም» አለቻት ዶክተር ሰዓዳ ቀስ ብላ። «ያሳደጉት አባ እንድሪስ ትተውት ሲወጡ በዚያ በር ነው የወጡት። ይኸው እስካሁን እሳቸውን ይጠብቃል።»

ከድጃ አባ እንድሪስ ቤት ስትደርስ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የመጣችበትን ጉዳይ መናገር ገና ስትጀምር ቱግ አሉ።

«አልመጣም! በሬህን መድኃኒት ወግተህ ይሆናል ብለው ጠረጠሩኝ። እኔን! ሟች ባለቤቴና እኔ ከጥጃነቱ በእጃችን እያጎረስን ያሳደግነውን! አልመጣም ብያለሁ!»

ከድጃ አልተከራከረችም። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባ እንድሪስ፣ ልጄ ያለ መረቅ አልበላም አለች። ጋሽ ይማም ያለ ፈቃድ አላርድም አሉ። ዶክተሯ ያለ ምርመራ አልፈቅድም አለች። ጀማል ያለ ሽንት አልመረምርም አለ። ቦራ ያለ እርስዎ ውሃ አልጠጣም አለ። እርስዎም አልመጣም አሉ። እንግዲህ እኔ ወዴት ልሂድ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። አሁን ድምፃቸው ንዴት የለበትም።

«መጠርጠሩስ ይሁን። እኔ ያቃተኝ ዳግመኛ ዓይኑን ማየት ነው። ሣር አጭጄ የማበላበት ጉልበት ቢኖረኝ አልሸጠውም ነበር።»

ከድጃ «ግድ የለም፣ አላስቸግርዎትም» ብላ ተነሣች። «ተጠምቶ ሳየው አንጀቴን በላኝና ነው።»

«እስከዚህ ተጠምቷል እንዴ?»

«ከመጣ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም።»

አባ እንድሪስ ብድግ አሉ። ምርኩዛቸውን እንኳ አላነሡም።

ቄራው በር ላይ ሲደርሱ ቦራ ጆሮዎቹን አቆመ። ሽማግሌው እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው አፍንጫውን አረጠቡለት። «ጠጣ፣ የኔ ጌታ፣ ጠጣ» አሉት። ቦራ ጠጣ። ባልዲውን ጨረሰ፤ ሌላ መጣለት፤ እሱንም ጨረሰ። ትንሽ ቆየና ጅራቱን ቀና አደረገ።

«ጀማል! ጀማል! ድረስ!» ጮኸች ዶክተሯ። ጀማል ዕቃውን ይዞ ሲሮጥ ሊወድቅ ነበር።

ሽንቱን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሌሎቹ ደጅ ቆመው ጠበቁ። የአባ እንድሪስ ከንፈር ብቻ ለዱዓ ይንቀሳቀሳል። ጀማል ከክፍሉ ብቅ አለ።

«ንጹሕ ነው! ምንም የለበትም!»

«ይቅር ይበሉን አባ» አለች ዶክተር ሰዓዳ። «ማንንም ሳንለይ መመርመር ስላለብን ነው።»

«መርምሪ ልጄ፣ መርምሪ። ልጆች ናቸው የሚበሉት።» ግንባራቸውን ቦራ አንገት ላይ አሳርፈው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት ማንም አልሰማም። ከዚያ ዞር ሳይሉ ወጡ።

ይኸውላችሁ፣ አባ እንድሪስ መጡ፤ ቦራ ጠጣ፤ ቦራ ሸና፤ ጀማል መረመረ፤ ዶክተሯ ፈቀደች፤ ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብለው አረዱ፤ ከድጃም መረቁን አፈላች።

አመሻሽ ላይ ከድጃ አባ እንድሪስን ጠርታ አስገባቻቸው። እሳቸው መቅመሱ አልሆነላቸውም፤ እሷም ግድ ይብሉ አላለችም። ረውዳ ስኒዋን ታቅፋ አየቻቸው።

«አባባ፣ ያቃጥላል።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እፍ፣ እፍ አሉላት። ረውዳ ጠጣች። አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሳትተነፍስ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያ ባዶውን ስኒ ለእናቷ ዘረጋች።

«ጨምሪልኝ።»

ከድጃ ጨመረችላት፤ አባ እንድሪስም እንደገና እፍ አሉላት።

እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል፤ እናንተም ልጆቻችሁ ጠግበው ይደሩላችሁ።