ቁንጫን መጥለቅ ያስተማረችው ጓጉንቸር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ይተኛ።

እመት ጓጉንቸርን የበደላት አያ ዳክዬ ነው። ስሙን አስቀድሜ የነገርኳችሁ በኋላ «ማን ነበር?» እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ ነው።

ድሮ፣ ድንጋይም ቅልም አፍ በነበረው ዘመን፣ ጣና ዳር በውሻ ጀርባ ላይ የሚኖር አንድ ቁንጫ ነበር። የውሃ ጥንዚዛን ልጅ ወደደ። እሷ የምትኖረው ከሐይቁ ሥር ነው። ቁንጫው አያ ዳክዬን «ሽማግሌ ሁነኝ» ብሎ ለመነው፤ አያ ዳክዬም ሄደለት።

የልጅቱ አባት ጥንዚዛ ጠየቀ። «ልጃችንን የሚወስድ እስከ ቤታችን ወርዶ ነው የሚወስዳት። ለመሆኑ ልጁ ውሃ ያውቃል?»

ሽማግሌ መቼም ለላከው ሲል ጥቂት ይጨምራል። አንድ በሬ ያለውን «ጥማድ አለው» ይላል። አያ ዳክዬ ግን በአካፋ ጨመረ።

«ውሃ ያውቃል ወይ? ዓሣ እንኳ ይቀናበታል!»

«ዋስስ አለው?»

«እመት ጓጉንቸር አለችለት! ካልጠለቀ ድንጋይዋን ውሰዱ።»

ድንጋይዋ ከደንገሉ መሀል ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት፤ ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የምትነካት እሷን ነው። እመት ጓጉንቸር ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ፣ የቀራትን ጉልበት የምታሞቀው እዚያ ነው። ሌላ ቤት የላትም።

ሰኞ ዕለት ቁንጫው መጥቶ ነገራት።

«እኔ በሌለሁበት?» አለች።

«አያ ዳክዬ ናቸው እማማ። ሠርጉ ሐሙስ ነው።»

በሽማግሌ ፊት የተጠራ ዋስ «አልሰማሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? እመት ጓጉንቸር በረጅሙ ተነፈሰች።

«እግዜር ሲያስረጅ ምነው አብሮ ቢያሳርፍ! ና በል፣ አንተ የአፈር ብናኝ።»

ሸምበቆን ጠራቻት። «ለዚህ ልጅ መተንፈሻ ሁኚው።»

«እሺ፣» አለች ሸምበቆ፤ «ብቻ ዝም ይበል።»

ቁንጫው የሸምበቆዋን ጫፍ ጎርሶ ወረደ። ስንዝር ሳይሄድ «እማማ፣ ዓሣ አየሁ!» አለ። ውሃው አፉን ሞላው። ጎትታ አወጣችውና ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«ስማ፤ የምትተነፍስበት አፍና የምታወራበት አፍ አንድ ነው። ከታች ያየኸውን ስትወጣ አውራው። ደግሞ ዓሣ ማየት ምን ይደንቃል? አንበሳ መሰለህ?»

ማክሰኞ ቅልን ጠራች። ደፍታ፣ ቁንጫውን ከውስጥ አስቀምጣ፣ እሷ ከላይ ጉብ አለችባት።

«እመት፣ መንሳፈፍ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤» አለች ቅል። «ብትቀመጪብኝም አልለቅም።»

«ውረጂ ብያለሁ!»

ጥቂት ወረዱ። ቅል ሾልካ ወደ ላይ ተፈተለከች። ቁንጫው ደንገል ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ።

«ወረድኩ እማማ?»

«ወጣህ።»

ረቡዕ ወገቧ አልታዘዝ ቢላትም ተነሣች። እፍ ብላ አረፋ ነፋች፣ ቁንጫውን ከውስጥ ከተተችው፣ ጠጠር አሸከመችው።

«እኔ መውረድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ስለ መውጣት አትጠይቁኝ፤» አለ ጠጠር።

«እኔ ደግሞ ቆዳዬ ስስ ነው። እንዳትዘል!» አለች አረፋ።

ቁንጫ አትዝለል ይባላል? ከታች ጨለማውን ሲያይ ደነገጠ፤ ዘለለ። አረፋዋ ጧ አለች። እመት ጓጉንቸር ተወርውራ በአፏ ቀለበችው።

ምላሷ ላይ ተኝቷል። ብትውጠው ሙሽራ የለም፣ ሠርግ የለም፣ ዋስ የሚባል ነገር የለም። ጓጉንቸር ቁንጫ ብትበላ ማን ይፈርድባታል? አንዴ አሰበች። ደግማ አሰበች። «ይህ ምን አጠፋ? የቀጠፈው ሌላ» ብላ እንትፍ አለችው።

ቁንጫው አለቀሰ። «እማማ፣ ድንጋይዎን አሳጣሁዎ።»

«ንፍጥህን ጥረግ። ለመሆኑ ውሻህ ወንዝ ሲሻገር ምን ትሆን ነበር?»

«ፀጉሩ ሥር እገባለሁ። እዚያ ነፋስ ይቀራል፤ ደህና አድርጌ እተነፍሳለሁ።»

እመት ጓጉንቸር አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስንገላታ ይህንን ይዘህ ነው?»

«አልጠየቁኝም እኮ።»

«ተኛ፤» አለችው። «ተኛ፣ ሳልናደድ።»

በማግስቱ ጠዋት አያ ዳክዬ ላባውን በቅባት አሳምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ከውሃው ዳር ቆሟል። የሽማግሌ ወንበር ይጠብቀዋል።

«እትዬ፣ ልጁስ ለመደ?»

«ጠጋ በል ልንገርህ፤» አለችና ቁንጫውን ከክንፉ ሥር ሸጎጠችው። «ንከስ ልጄ!»

«ኧረ ብብቴን! ኧረ ብብቴን!»

አያ ዳክዬ ማሳከኩን ሊያስታግስ ተወርውሮ ጠለቀ። ቁንጫው አሁንም ነከሰ፤ እሱም አሁንም ጠለቀ። የዳክዬ ላባ ውሃ አያስገባም፤ ቁንጫው በላባው ነፋስ እየተነፈሰ የሐይቁ ወለል ደረሰ። ከታች የጥንዚዛ እልልታ ተሰማ።

እመት ጓጉንቸር ሠርጉን አልበላችም፤ ደክሟታል። ድንጋይዋ ላይ ወጣችና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች።

በሰው ስም ዋስ የጠራ፣ የራሱን ብብት ያካል።