ግድ የለም ያለችው ሴት

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከግቢዋ አንዷን ክፍል መኩሪያ ለሚባል ልብስ ሰፊ አከራየች። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኪራዩ በወር አራት ሺህ ብር ነው።

የመጀመሪያው ወር ሲደርስ ሦስት ሺህ ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ሥራ መቀዝቀዙን ነገራት። ምን አለችው? “ግድ የለም ልጄ” አለችው። በሁለተኛውም ወር አጎደለ፤ ግድ የለም አለችው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሰባት ወር ሙሉ አጎደለ፤ ሰባት ወር ሙሉ ግድ የለም አለችው።

በሯን ዘግታ ስትገባ ግን ያጎደለውን እየደመረች ትቆጥር ነበር። ለጎረቤት ደሜን መጠጠኝ ትላለች። ለእሱ ፊት ለፊት አንድ ቀን እንኳ አልነገረችውም። ይሉኝታ ያዛት። ደግ መባሉንም ሳትወደው አልቀረችም።

በስምንተኛው ወር የሰፈር ሽማግሌዎች ጠርታ አስቀመጠች። ያጎደለውን ሁሉ ይክፈለኝ፣ አለዚያ ይውጣልኝ አለች። መኩሪያ ወደ እሷ ዞረ።

“እትዬ፣ ግድ የለም ሲሉኝ የማሩኝ መስሎኝ ነው” አለ። “እኔና ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ስምዎን እየጠራን ስንጸልይልዎ ነው የከረምነው።”

አንዱ ሽማግሌ እውነት እንዲህ ብላው እንደሆነ ጠየቋት።

“ብያለሁ አባቴ” አለች ሴትየዋ። “ያለው ግን አፌ ነው።”

ሰውየው በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናውን ሸጦ ከፈላትና ለቀቀ። እሷም ገንዘቧን አገኘች። ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ፍራሽ ታቅፋ ከግቢው ስትወጣ ግን ሴትየዋ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ወገኖቼ፣ እሱስ ጥፋት የለበትም ወይ? አለበት እንጂ። ሰባት ወር ሲያጎድል፣ በእርግጥ ምረውኛል ወይ ብሎ ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ነበረበት። ዛሬ የምናገረው ግን ለእሱ አይደለም፤ እሱ እዚህ የለም። ለእናንተ ነው፤ ለእኔም።

ስንቱን ሰው በአፋችሁ ምራችሁ በልባችሁ ይዛችሁታል? አንቺ እህቴ፣ ይቅር ብያታለሁ ብለሽ የለም ወይ? ታዲያ ስሟ ሲነሳ ፊትሽ ለምን ይለዋወጣል?

ከቸገራችሁ ጠይቁ። ተቸግሬአለሁ፣ ክፈለኝ ማለት ኃጢአት አይደለም። ከማራችሁ ደግሞ ማሩ።

እኛ ሁላችን ለእግዚአብሔር እያጎደልን የምንኖር ነን። ምሬአችኋለሁ ብሎናል፤ እኛም ቃሉን አምነን እንተኛለን። የእሱ ምሕረት እንደ እኛ ምሕረት ቢሆን ኖሮ፣ ወገኖቼ፣ በዚያች በመጨረሻዋ ቀን ምን ይውጠን ነበር?